የዳንቴሉ ማስታወቂያ

ሕንጻ ተቋራጩ ከገዛ ቤቱ ግድግዳ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ሞቷል። አብሮት ከጣራው የወደቀው የብረት መከለያ ከእግሩ አጠገብ ተጋድሟል። ላይ ያለው የውሃ ታንከር ሞልቶ ይፈሳል፤ ጠብታው በሟቹ ኮት ላይ ያርፋል።

«ኧረ አንድ ሰው ያንን ውሃ ይዝጋው!» አለች መርማሪዋ።

ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ለምን» የሚሏት ይህች ሴት ጸጉሯ ቢሸብትም ደረጃ አይበግራትም። ጣራው ላይ ወጥታ መከለያው ታስሮባቸው የነበሩትን ቀዳዳዎች በጣቷ ዳበሰች። ብሎን የለም። በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ዝገቱ ተፍቆ ብረቱ ያብለጨልጫል።

«ዝገት በልቷቸው ይሆናል» አለ ምክትሏ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«ዝገት የበላውን ይዞ አይሄድም። እዚህም ታችም አንድ የወደቀ ብሎን አላየሁም። ሰው ፈትቶ ወስዷቸዋል።»

ሳሎን ውስጥ የሟቹ ታናሽ ወንድም ቤቱን በጩኸት ያናውጠዋል። «ገዳዩን ለእኔ ስጡኝ! ሕግ አልፈልግም፣ በገዛ እጄ ነው የምፋረደው!»

ጣቱን የቀሰረው የወንድሙ ልጅ እጮኛ ላይ ነው። ሰውየው ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። የሟቹ ልጅ እጁን ጨብጣ ከጎኑ ቆማለች። ከበሩ አጠገብ ደግሞ ምድር ቤቱን የተከራየችው ልብስ ሰፊ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች።

«እሱን ለምን ጠረጠሩት?» አለች መርማሪዋ።

«ወንድሜ ልጄን አልሰጥህም ብሎታላ! ትናንት ደግሞ ኮምፒውተር ላጽዳ ብሎ ሲጎረጉር ዋለ። ይኸው ዛሬ ወንድሜ ሞተ። ሌላ ምን ይፈለጋል?»

«አጎቴ፣ ተው!» አለች ልጅቱ።

«አንቺ ዝም በይ! የአባትሽን ገዳይ እጅ ይዘሽ ታለቅሻለሽ?»

«አላለቀስኩም። ገዳዩን በዓይኔ ሳላይ አላለቅስም።»

መርማሪዋ ቀና ብላ አየቻት። ይህ የልጅቱ ቃል ከአጎቷ ጩኸት ይልቅ አስፈራት።

በዚህ መሐል ቧንቧ ሠራተኛው ተጠርቶ መጣ። ጠዋት ታንከሩን ሊጠግን ተቀጣጥሮ የቀረው እሱ ነው።

«እኔማ ልመጣ ነበር» አለ ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ። «ትናንት ከሰዓት ግን ‹ነገ እንዳትመጣ› ብለው ኢሜይል ላኩብኝ። እሳቸው እንደሚያውቋቸው ናቸው፤ በቃል የተባለ ነገር ይካዳል ብለው ሁሉን በኢሜይል ነው የሚያዙት።»

ምክትሉ ዓይኑ በራ። ቧንቧ ሠራተኛው ከቀረ ቁጡው ሰውዬ እየተሳደበ ራሱ ጣራው ላይ እንደሚወጣ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ብሎኑ የተፈታው መከለያ ደግሞ ታንከሩ ጥግ ነው። ትናንት ከሰዓት ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው ማን ነበር? እጮኛው።

«አለቀ» አለ በጆሮዋ። «ካቴናውን ላምጣ?»

«ካቴናው የትም አይሄድም። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ልየው።»

የሟቹ ኮምፒውተር ፎቅ ላይ፣ ከአልጋው አጠገብ ነው። ሲከፈት ነጭ ዳንቴል የሚያውለበልብ መስኮት ዘሎ ስክሪኑን ሞላው። «ለሙሽራ ቀሚስ የሚሆኑ የዳንቴል ጥለቶች! እሺ ይበሉ!»

እጮኛው ክው አለ። «ይሄ እዚህ መኖር የለበትም! ትናንት ነቅዬዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ተመለሰ?»

«እኔንም ያበገነኝ እሱ ነው። ብራውዘሩ፣ ኢንተርኔት የሚታይበት ፕሮግራም፣ በላዩ በሚለጠፍ ተቀጥላ ተሞልቶ ነበር፤ ኤክስቴንሽን በሚሉት። ቅናሽ የሚለው፣ ስልክ ተሸለሙ የሚለው፣ መአት ነው። አንድ በአንድ ነቀልኳቸው። አብረዋቸው ሾልከው የገቡትን ፕሮግራሞችም ከኮምፒውተሩ አስወጣሁ። ሌሎቹ ድራሻቸው ጠፋ። ዳንቴሉ ግን ከዚህ በፊትም ስነቅለው ማግስቱን ተመልሶ ቁጭ ይላል።»

«የሕንጻ ሰው ዳንቴል ምን ያደርግለታል?»

«‹አባዬ ሊያገባ ነው› እያልን ስንስቅበት ነበር» አለች ልጅቱ። «እሱ ለሰው እሺ ብሎ አያውቅም። ለኮምፒውተር ግን ብቅ ላለው ሁሉ እሺ፣ እሺ ነው። ማሽኑ በማስታወቂያ ታፍኖ አልሠራ ሲለው ደግሞ የኔን ወይ የአጎቴን፣ አንዳንዴም የእትዬን ተውሶ ኢሜይሉን ያያል።» እትዬ የምትላት ልብስ ሰፊዋን ነው።

«እሺ። ኢሜይሉ ሲላክ እናንተ ምን ትሠሩ ነበር?»

እጮኛው ኢሜይሉ የተላከበትን ሰዓት ከቧንቧ ሠራተኛው ስልክ ላይ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «በዚህ ሰዓት ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሆዱ ተከፍቷል። አቧራውን እየነፋሁለት ነበር።»

«ማን አየህ?»

«እሷና አባቷ። አባቷ ትከሻዬ ላይ ቆመው ይጨቀጭቁኝ ነበር።»

«አንዷ እጮኛህ፣ ሌላው ሟች። ጥሩ ምስክር አይደሉም» አለችና ወደ ወንድምየው ወረደች።

«ትናንት ከሰዓት ሰላም ነበር?» ስትል እንደ ዋዛ ጠየቀችው።

«ምን ሰላም አለ! ያ ልጅ በዚያ መንፊያው ጆሮዬን አደነቆረው። ዜና ጀምሮ አላሰማ ቢለኝ ወጥቼ ጮህኩበት። አልጋው ላይ ዕቃውን ዘርግፎ፣ ኮምፒውተሩን እንደ ዶሮ ገነጣጥሎታል!»

«ዜናው ሲጀምር?»

«ልክ ሲጀምር።»

ኢሜይሉም የተላከው ልክ ያን ጊዜ ነው። መርማሪዋ ይህን በልቧ ይዛ የሟቹን የድሮ ሥራ አነሳችበት። ጠላት ነበረው? ወንድምየው መጀመሪያ ተግደረደረ፤ ኋላ ግን ተነፈሰ። ከብዙ ዓመት በፊት በሟቹ ሕንጻ ላይ መወጣጫ ተደርምሶ ሠራተኞች አልቀዋል። የመወጣጫውን ብሎን አላጠበቀም ተብሎ ፎርማኑ ታሰረ፤ እዚያው እስር ቤት ሞተ።

«ጥፋቱ የፎርማኑ ነበር?»

ወንድምየው ወለሉን አየ። «ፍርድ ቤቱ እንደዚያ ነው ያለው።»

በልብስ ሰፊዋ ክፍል ውስጥ፣ አባቷ እምቢ ቢልም ልጅቱ የምታሰፋው የሙሽራ ቀሚስ የልብስ አሻንጉሊት ላይ ተሰቅሎ ቆሟል። ከስፌት መኪናው ጎን ላፕቶፕ አለ።

«ቀሚሱ አማረ» አለች መርማሪዋ።

«ከሰሞኑ ያልቅ ነበር። ጥለቱ አጉላላኝ እንጂ። ከኮምፒውተሬ ላይ በየጊዜው ብን ብሎ ይጠፋል። ትናንትም ጠፍቶብኝ እንደገና ጫንኩት። እሱ ከሌለ አንገትጌውን መቁረጥ አልችልም።»

«ለምን ይጠፋል?»

«እኔ ምን አውቄ እናቴ? የኮምፒውተር ነገር።»

«ሟቹ እንዴት ያለ ሰው ነበሩ?»

«ቤት አከራይተውኛል። ምን እላለሁ?» አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

መርማሪዋ ወደ ፎቅ ተመለሰች። እጮኛውን ምክትሏ ፊት አስቀምጣ አንድ ነገር እንዲሠራ አዘዘችው። ሥራው እንዳለቀ ሁሉም ኮምፒውተራቸውን ይዘው ሳሎን እንዲሰበሰቡ አደረገች።

«ልቀቁኝና ልጨርሰው!» እያለ ወንድምየው ይንተከተካል።

«ይቀመጡ። እጮኛውን ነጻ ያወጡት እርስዎ ራስዎ ነዎት።»

«እኔ?»

«እርስዎ። ዜናው ሲጀምር ኮምፒውተሩን ተገነጣጥሎ አዩት። ያኔ ነው ኢሜይሉ የተላከው። ሆዱ የተከፈተ ኮምፒውተር ኢሜይል አይልክም። እንግዲህ የሟቹ ኢሜይል ሌላ ማሽን ላይም ተከፍቶ ነበር ማለት ነው። እሳቸው ማሽን ሲዋሱ፣ ሲጨርሱ ከኢሜይላቸው መውጣት አያውቁም። ኮምፒውተሩ ‹ሁሉንም አንድ ላድርገው?› ብሎ ሲጠይቃቸውም እንደ ልማዳቸው እሺ አሉ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ብራውዘሮች አንድ ሆኑ። እዚህ የተጫነ እዚያም ይጫናል፤ እዚህ የተነቀለ እዚያም ይነቀላል።»

እጮኛው ግንባሩን መታ። «ዳንቴሉ! እኔ ስነቅለው እዚያም ይጠፋል! እዚያ ያለው ሰው መልሶ ሲጭነው እኔም ጋ ይመጣል!»

«እውነት ነው። አንተ ማስታወቂያ ነው ብለህ ትነቅላለህ፤ ያኛው ደግሞ ለሥራው ይፈልገዋልና መልሶ ይጭነዋል። ሁለታችሁም ሳታውቁት ገመድ ስትጓተቱ ከረማችሁ። የሟቹን ኢሜይል የሚያነብ ሰው ቧንቧ ሠራተኛው መቼ እንደሚመጣ ያውቃል፤ ሊያስቀረውም ይችላል።»

«ማን ነው?» አለች ልጅቱ። ድምጿ እንደ ምላጭ ነው።

«አሁን እናያለን። የአባትሽን ብራውዘር ቀለም ደማቅ ቀይ አድርገነዋል፤ ከእሱ ጋር አንድ የሆነውም አብሮ ይቀላል። ሁላችሁም ክፈቱ።»

የወንድምየው ነጭ ነው። የልጅቱም፣ የእጮኛውም ነጭ ነው። ልብስ ሰፊዋ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ እንዳቀፈች አልነቃነቅም አለች።

«ባትሪ የለውም» አለች።

ምክትሉ ገመዱን ከክፍሏ አምጥቶ ሰካላት። በሌላ እጁ አንድ ያረጀ መፍቻ ይዟል። «ከስፌት መኪናው መሳቢያ ያገኘሁት ነው። ብሎኖቹም አብረውት አሉ።»

ላፕቶፑ ተከፈተ። ቀዩ ቀለም የልብስ ሰፊዋን አገጭና ሜትሯን አቀላው።

 ሴትየዋ ቀና አለች፤ አንገት መድፋቱ ዛሬ ያበቃ ይመስላል።

«መፍቻው የባሌ ነው» አለች። «ፎርማኑ ባሌ ነበር። ‹ጌታዬ፣ ብሎኑ አልቋል፣ ይቀየር፣ ሰው ያልቃል› ብሎ ለመነው። እምቢ አለው። ሰው ሲያልቅ ደግሞ ጥፋቱን በእሱ ላይ ላከከ። ቤቱን የተከራየሁት ጣሪያ አጥቼ መሰላችሁ? ከሥሩ ሆኜ እርምጃውን ስሰማ ኖርኩ። አንድ ቀን ክፍሌ መጥቶ ኮምፒውተሬን ተዋሰኝና ‹እሺ› ሲል አየሁት። እሺ! ባሌ እግሩ ላይ ወድቆ ያጣትን ቃል ለዚያ ቆርቆሮ በነጻ ሰጠው። የዚያን ቀን ቆረጥኩ። ብሎን በማጣት እንዲሞት አደረግሁት። አንጀቴ ራሰ።»

«ዳንቴሉን ባይመልሱት ኖሮ ላላገኝዎት እችል ነበር» አለች መርማሪዋ በቀስታ።

«አውቃለሁ፤ አሁን ገባኝ። ግን የልጅቱን ቀሚስ አበላሽቼ መስጠት አልሆነልኝም።» ወደ ልጅቱ ዞረች። «አንቺን ጠልቼሽ አላውቅም፣ የኔ ልጅ። ስፌቱ ውስጥ ክፉ ነገር የለበትም። ልበሽው።»

ልጅቱ ተነስታ ወደ ምድር ቤት ወረደች። ስትመለስ ቀሚሱን በአንድ እጇ፣ የልብስ ሰፊዋን መቀስ በሌላው ይዛለች። ምክትሉ ሊይዛት ተነሳ፤ መርማሪዋ በዓይኗ አስቆመችው፤ ራሷ ግን በሁለቱ ሴቶች መሐል ገብታ ቆመች።

ልጅቱ ሴትየዋን አልነካችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ዳንቴሉን ከአንገትጌው፣ ከእጅጌው፣ ከዘርፉ እየቆረጠች ጣለች። የመቀሱ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሲያልቅ ክምሩን ሰብስባ ምክትሉ ካቴና ባስገባባቸው የልብስ ሰፊዋ እጆች ላይ አስቀመጠችው።

«ልኬን ስትወስጂ አቅፈሽኝ ነበር» አለች። «እኔ እድሜ ልኬን እጠላሻለሁ፣ እትዬ። እስር ቤት እየመጣሁ እጠይቅሻለሁ። በወር በወሩ። እንዳትረሺኝ።»

ልብስ ሰፊዋ የዳንቴሉን ክምር ወደ ደረቷ አስጠጋች። ይህን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ብዙ ዓመት በገዛ ደረቷ ውስጥ ስትሰማው የኖረች ናት።

መርማሪዎቹ ልብስ ሰፊዋን ይዘው ሲወጡ ልጅቱ እጮኛዋ ትከሻ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ጠረጴዛው ላይ በቀረው ቀይ ስክሪን መሐል ነጩ መስኮት ብቅ አለና፣ እሺ እንዲባል ይጠብቅ ጀመር።