የጉዴ አራት አሻራዎች

መስከረም ሁለት ቀን 1978 ዓ.ም. ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ከአምቦ ከተማ ዳር ካለው የአረጋውያን መጦሪያ ለፖሊስ ጣቢያው ስልክ ተደወለ። ኦቦ አመዩ የሚባሉ ሽማግሌ ዳቦ አንቋቸው ሞተዋል፤ ዳቦውን ያመጣችላቸው ደግሞ የገዛ ልጃቸው ናት ተባለ። ደዋዩ የመጦሪያው ኃላፊ ሙለታ ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሬሳው ሳይበርድ ጥፋተኛ ተገኝቷል።

መቶ አለቃ አብዱልናስር ሽፋ የአብዮት በዓሉን ሰልፍ ሲያስከብር ውሎ ጫማውን ገና ማውለቁ ነበር። መልሶ አጠለቀውና ሄደ። የጊንጪ ባለሱቅ ልጅ ነው። አባቱ ባንኮኒው ጀርባ ሆነው «የገበያተኛን አፍ ስማ፤ እጁን ግን እይ» እያሉ ስላሳደጉት፣ ሰው ሲያወራለት ዓይኑ ከእጅ አይነሳም። ባልደረቦቹ በዚህ ይቀልዱበታል፤ ነገር የጠነከረ ቀን ግን እሱኑ ይልካሉ።

ክፍሉ ውስጥ ሁለት አልጋ አለ። በአንደኛው ላይ ኦቦ አመዩ ፊታቸው ጠቁሮ፣ ቀኝ እጃቸው አንገታቸውን እንደያዘ ቀርተዋል። ግራ ጎናቸው በድን ከሆነ ዓመት አልፎታል። ከራስጌያቸው ግድግዳ ላይ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ ካርድ ተለጥፏል። «መዋጥ ይቸገራሉ። ደረቅ ምግብ ፈጽሞ አይሰጣቸው። ሰው አጠገባቸው ሆኖ፣ ቀና አድርጎ፣ የላመ ያጉርሳቸው። በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጡ።» ከሥሩ በዚያው እጅ የተጻፈ «የሐኪሙን ትእዛዝ አውቄ፣ በራሴ እጅ ጽፌ ተረክቤያለሁ» የሚል ቃልና የሙለታ ፊርማ አለ።

ሙለታ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ወላጆቹ በአንድ ክረምት ሲሞቱበት ከሜዳ አንስተው ያሳደጉት ኦቦ አመዩ መሆናቸውን መቶ አለቃው ሳይጠይቀው ነገረው። «ጓድ መቶ አለቃ፣ ለእኔ አባቴ ናቸው» አለ። ልጃቸው ወሰንየለሽ ትናንት፣ በዕንቁጣጣሽ፣ ድፎ ዳቦ ይዛ መጥታ ነበር፣ ትራሳቸው ሥር ሸጉጣላቸው ሳትሄድ አልቀረችም፤ እርግጥ በክፋት አይደለም፣ ልጅ አንጀቷ አልችል ብሏት ነው አለ። የሚከላከልላት ይመስል ነበር።

«ዛሬ ተረኛ ማን ነበር?»

«ጉዴ ናት። ይኸው፣ በየሁለት ሰዓቱ አገላብጣ፣ አጥሚት አጠጥታ ፈርማለች።»

የክትትል ወረቀቱን አቀረበለት። ጉዴ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ዙር ባለፈ ቁጥር እያለፋት መጻፍ ስለማትችል በአውራ ጣቷ ነው የምትፈርመው። የአንድ ሰዓት፣ የሦስት ሰዓት፣ የአምስት ሰዓት፣ የሰባት ሰዓት፤ አራት አሻራ። መቶ አለቃው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወስዶ አየው። የነሐሴንም ገጾች ገለጠ። ከዚያ ቦርሳው ውስጥ ከተተው።

ወሰንየለሽ እጃጂ በምትባል ከተማ አስተማሪ ናት። በዓሉን ከአባቷ ጋር ልታሳልፍ መጥታ ከተማው ውስጥ አድራለች። ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አላለቀሰችም። አባቷን ገንፎ በወተት አቅጥና በእጇ እንዳበላች፣ ድፎውን «ለሌሎቹ ቁረስላቸው» ብላ ለሙለታ እንደሰጠች ተናገረች። ወዲያው የገዛ ቃሏን መጠራጠር ጀመረች።

«ግን ድፎውን ስፈታ ቁራሽ አልጋው ላይ ወድቆ ይሆን? መቶ አለቃ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ?»

«ያንን ነገ እነግርሻለሁ» አላት። ሳያረጋግጥ ሊያጽናናት አልፈለገም።

ጉዴ አውራ ጣቷን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ «ሥራዬን ሠርቻለሁ» ከማለት በቀር አልተነፈሰችም። ሁለተኛው አልጋ ላይ ያሉትን ኦቦ ፈየራን ግን ሙለታ እንዳይጠይቋቸው ለመነ። ዓይናቸውም ጠፍቷል፣ ጃጅተዋል፣ ቀንና ሌሊት አይለዩም አለ። መቶ አለቃው አመስግኖ አሰናበተውና ከሽማግሌው አጠገብ በርጩማ ሳበ።

«አካም ኦልተን፣ ኦቦ ፈየራ? እንዴት ዋሉ?»

«ነጋ፣ ያ ኢልማኮ። ደኅና፣ ልጄ፤ ምን ውሎ አለ።» ሽማግሌው ድምፁ ወደመጣበት ዞሩ። «አንተ ደግሞ የጊንጪ ሰው ነህ። የጊንጪ ሰው ሲናገር ይታወቀኛል።»

ጃጁ የተባሉት እኚህ ናቸው። ከዚያ ያሉትን መቶ አለቃው ጎንበስ ብሎ ሰማ። ሲጨርሱ ከትራሳቸው ሥር አንድ ነገር አውጥተው ሰጡት፤ በመሐረብ ጠቀለለው። ሲወጣ በሩ ላይ ቆመና የውስጡን ሳንቃ ከሥሩ በጣቱ ዳበሰው።

በማግስቱ ጠዋት መጀመሪያ ሐኪም ቤት፣ ቀጥሎ ቀበሌ ደርሶ፣ አራት ሰዓት ላይ ሁሉንም እዚያው ክፍል ውስጥ ሰበሰበ። ወሰንየለሽ ከባዶው አልጋ ግርጌ ቆመች። ጉዴ በሩን ተደገፈች። ሙለታ ወንበር ሲሰጡት እንቢ አለ።

መቶ አለቃው የክትትል ወረቀቱን ዘረጋ። «ከአሻራው እንነሳ። በነሐሴ ገጾች ላይ የጉዴ አሻራ ሁሉም እኩል ደማቅ ነው፤ በየሁለት ሰዓቱ ጣቷን ቀለም ስለምትነክር። የትናንቱን ግን እዩት። የአንድ ሰዓቱ ደማቅ ነው። የሦስት ሰዓቱ ፈዘዝ ብሏል። የአምስቱ ገርጥቷል። የሰባት ሰዓቱ ምልክቱ ብቻ ነው ያለው። ጣት አንዴ ተነክሮ አራት ጊዜ ሲታተም እንዲህ ይሆናል። አራቱም የታተሙት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነው።»

ጉዴ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«ታዲያ ጉዴ በነዚያ ሰዓቶች የት ነበረች? ይህ የቀበሌው የሰልፍ መቆጣጠሪያ ነው።» ሌላ ወረቀት አወጣ። «ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ‹የመጦሪያው ሠራተኞች አንድም ሳይቀሩ ተገኝተዋል› ይላል። የፈረመው ሙለታ ነው። ጓድ ሙለታ፣ አንተ ሁለቱም ወረቀት እንዲሞላልህ ፈለግህ። ለቀበሌው ማንም አልቀረም አልክ፤ ለእኛ ደግሞ ጉዴ አልጋው አጠገብ ነበረች አልክ።»

ሙለታ ከበላይ የመጣ ትእዛዝ ነው፣ ከሰልፍ መቅረት ምን እንደሚያስከትል ያውቁታል ሲል መቶ አለቃው አላቋረጠውም። ሲጨርስ ግን የቀበሌውን ሊቀመንበር ጠይቆ እንደመጣ ነገረው። ለበሽተኛ ጠባቂ ሁለት ሰው እንዲቀር ተፈቅዶ ነበር። ሙሉ በሙሉ የወጣ መሥሪያ ቤት በመድረክ ስለሚመሰገን፣ ሙለታ ራሱ አያስፈልግም ብሎ መልሷል።

«የዳቦው ጉዳይ ቀረ» አለ መቶ አለቃው፤ መሐረቡንም ፈታ። ግማሽ ነጭ የፉርኖ ዳቦ ነበር። «ከኦቦ አመዩ ጉሮሮ ሐኪሙ ያወጣው እንዲህ ያለ ነው፤ የዳቦ ቤት ፉርኖ። የወሰንየለሽ ድፎ ጥቁር አዝሙድ አለው፣ ቅርፊቱም ወፍራም ነው። ይህን ከምሳቸው ያስተረፉት ኦቦ ፈየራ ናቸው። ማን እንደሰጣቸው እሳቸው ይንገሩን።»

ኦቦ ፈየራ ተነሥተው ተቀመጡ።

«ጎህ ሲቀድ ሙለታ ገባ። በየአልጋችን አንዳንድ ዳቦ አስቀመጠ። ‹ምሳችሁ ነው፣ እስክንመለስ ቻሉት› አለን። በሩን ከውጭ ቆለፈ። አመዩ እስከ ቀትር ታገሠ። ከዚያ ራበኝ አለኝ። አትብላ አልኩት። ሲያንቀው ሰማሁ። በዳበሳ በሩ ጋ ደርሼ በዱላዬ ደበደብኩ፤ እጄ እስኪዝል ደበደብኩ። ከተማው ሙዚቃ ላይ ነበር።»

መቶ አለቃው የበሩን ሳንቃ አሳያቸው። ከሥሩ ቀለሙ ተልጦ፣ እንጨቱ በአዲስ ተሰርጉዷል። ጉዴ እዚያው ቁጢጥ አለችና አለቀሰች። ስትመለስ በሩን የከፈተችው እሷ ነበረች። ሙለታ ጣቷን ይዞ «አትሚ፣ አለዚያ ተረኛ ሆነሽ ጥለሻቸው ሄድሽ ተብሎ ትታሰሪያለሽ» ብሎ እንዳሳተማት ተናገረች። እኚያን ሽማግሌ አንድ ዓመት ሙሉ አጉርሳቸዋለች፤ ስለዚህ ከሙለታ ይልቅ በራሷ አፍራ ነበር።

ወሰንየለሽ ቀስ ብላ ወደ ሙለታ ሄደች።

«ኩፍኝ የያዘህ ጊዜ ዳቦውን በወተት እያራሰ ያጎረሰህ ማን ነበር?»

ሙለታ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ሰልፉንም ልተወው። ፈርተህ ነው ልበል። ግን እኔን ለምን? ሌሊቱን ሙሉ አባቴን በእጄ የገደልኩ መስሎኝ ነው ያደርኩት። እያየኸኝ። ‹አይዞሽ እህቴ› እያልከኝ።»

ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ይባላል። ኦቦ አመዩ ይህን ለማለት እንኳ ትንፋሽ አላገኙም፤ አብራቸው የተነከሰችው ልጃቸው ግን በእሳቸው ፈንታ ልትለው ቀረች። መቶ አለቃው ሙለታን ክንዱን ይዞ ወጣ።

ክሱ ሁለት ነበር፤ በቸልተኝነት ሰው መግደልና ሐሰተኛ ማስረጃ ማዘጋጀት። የሙለታ ጠበቃ ሰውየው ያረጁና የታመሙ ስለነበሩ ሞታቸው አይቀርም ነበር ብሎ ተከራከረ። ዳኛው ካርዱን በእጃቸው ይዘው፣ መሞት ለማንም አይቀርም፣ እንዲህ መሞት ግን ይቀር ነበር አሉ። ካርዱን አውቆ የተረከበ ሰው አላወቅሁም ሊል አይችልም ብለው አምስት ዓመት ፈረዱበት። ጉዴ ስለመሰከረች ቅጣቷ በገደብ ሆነላት። ሙለታ ከእስር ቤት ለእርቅ ሽማግሌ ቢልክም፣ ወሰንየለሽ ለመጡት ወንበር ሰጥታ፣ ቃላቸውን ሰምታ፣ እንቢ ብላ ሸኘቻቸው።

ፋይሉ ሲዘጋ ካርዱን ጠይቃ ወሰደች። መቶ አለቃው ይህን ወረቀት ምን ታደርጊበታለሽ አላት። የታጠፈውን ዘርግታ የጽሑፉን ውበት አየች፤ ሙለታን እጁን ይዘው ፊደል ያስጻፉት ኦቦ አመዩ ነበሩ።