በእጅ የቀረች ጉርሻ

በዚያ ዓመት በልጉ ቀረ። ክረምቱ ዘግይቶ ገባ፣ ቶሎም ወጣ። በጥቅምት ውርጭ ወረደና የኩታበርን ገብስ ሳይበስል አደረቀው። ሰው መጀመሪያ ፍየሉን፣ ቀጥሎ በጉን፣ በመጨረሻ በሬውን ወደ ገበያ ነዳ። የሀምዱ ቤት በሬዎቹን አልሸጠም። እራቱን ግን ቀነሰ።

የሀምዱ ልጅ ዊዳድ ኮምቦልቻ ውስጥ የስፖርት አስተማሪ ናት። ከደመወዟ የተረፈውን ወደ ቤት ትልካለች፤ ሲመቻትም በሚኒባስ ደሴ ወጥታ፣ ከደሴ ኩታበር ደርሳ ትመለሳለች።

ኅዳር ላይ አንድ ቅዳሜ፣ ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ፣ አጠገቧ የተቀመጠው ወጣት ከፌስታል የተቀቀለ እንቁላል አወጣ። ላጠ፤ ነጩን በላና አስኳሉን በወረቀት ጠቀለለ። ሌላም ላጠ፤ እንደዚያው አደረገ። ዊዳድ የሰው ምግብ አይታ የምትናገር ሴት አልነበረችም። ያን ቀን ግን አላስቻላትም።

«አስኳሉ ምን በደለህ?» አለችው።

ወጣቱ ደንገጥ አለ፤ ከዚያ ሳቀ። «እኔን አልበደለኝም። ሥራ ከልክሎኝ ነው።»

«አስኳል የሚከለክል ምን ሥራ አለ?»

«ፊልም።»

ስሙ ሀፊዝ ነው። የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ በትናንሽ መድረኮች ሲጫወት ኖሮ የመጀመሪያውን ትልቅ ሚና ገና ማግኘቱ ነው። ሰኞ ገበያ በሚባለው የደሴ ገበያ ኩሊ ሆኖ፣ ከወገቡ በላይ ራቁቱን ጆንያ ሲሸከም ይታያል። ዳይሬክተሩ ከፍያለው ሆዱን በጣቱ ነካ አድርጎ «ይኼ የኩሊ አይደለም፣ የባለሱቅ ነው» ብሎታል። በጥር መጨረሻ ስቡ ጠፍቶ ጡንቻው መውጣት አለበት። ሀፊዝም ስልኩ ላይ ያየውን ሁሉ ይሞክራል። አንዱ ሥጋ ብቻ ብላ ይለዋል፣ አንዱ ሳትበላ ሩጥ ይለዋል።

ዊዳድ ወረቀቱን ከእጁ ተቀበለችና አስኳሉን በላች።

«ጡንቻ ከምግብ ነው የሚሠራው» አለችው። «አስኳል አይጎዳህም። የሚጎዳህ ሻይህ ውስጥ የምትሞጅረው ስኳር ነው።»

«ስኳሩን ማን ነገረሽ?»

«ሆድህ።»

ሰኞ ጠዋት ሀፊዝ የምታስተምርበትን ጠይቆ፣ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ቆሞ ተገኘ። አሠልጥኚኝ አላት። እሷም ሰው በሚያይበት ሜዳ፣ ከተማሪዎቿ ጋር ከሆነ እሺ አለችው።

ሥራው ቀላል አልነበረም። አሸዋ የሞላ ጆንያ አሸክማ የሐረጎን ዳገት አስወጣችው። ድንጋይ አስነሣችው፣ በደረቱ አስተኝታ በክንዱ መሬት አስገፋችው። ባቄላ፣ ምስርና እንቁላል እንዲያበዛ፣ እንጀራውን እንዲያሳንስ፣ ጠዋት በሶ በጥብጦ እንዲጠጣ ነገረችው። ሳያርፍ በመጣ ቀን ወደ ቤቱ መለሰችው። ጡንቻ የሚያድገው በእንቅልፍ ነው ትላለች።

እየዋለ እያደረ ሆዱ ሸሸ። ትከሻው ሰፋ፣ የክንዱ ሥር ተገተረ። ዊዳድ ቆማ ትቆጥርለታለች፤ እሱ መሬት ሲገፋ ግን ቁጥሩ ይጠፋባታል። ሲጠፋባት እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። እሱም ነገሩ ገብቶታል፤ አንድም ቀን አላረማትም።

አንድ ጠዋት ከዳገቱ መታጠፊያ ላይ ጆንያውን አወረደ። ኮምቦልቻ ከታች ጉም ውስጥ ነበረች።

«ፊልሙ ሲያልቅ ማን ይቆጥርልኛል?» አላት።

ዊዳድ ያልተፈታ ሻሿን ፈትታ አሰረች።

«አባቴን ጠይቅ» አለችው።

ወሬው ቀድሟቸው ኩታበር ደርሶ ኖሯል። ሀምዱ አልተቆጣም። ልጁን ልየው ብሎ ቀን ቆረጠ፤ የቆረጠው ቀን በጥር መጨረሻ የዋለ ሐሙስ ነበር። ከፍያለው ደግሞ ያንን የጆንያ ትዕይንት ቅዳሜ ሊቀርጽ ወስኖ፣ ቆዳው ከጡንቻው ላይ እንዲጣበቅ ጨውና ቅባት እንዳይቀምስ፣ ውሃም እንዲቀንስ ሀፊዝን አዞታል። ዊዳድ ይኼ ለዓይን እንጂ ለጉልበት አይሆንም ብላ ተከራክራ ነበር፤ የሰማት የለም።

ለአባቷ፣ ልጁ ተዋናይ መሆኑን ነገረች። ወዶ ምግብ እንደሚተው ግን አልነገረችም። በዚያ ዓመት፣ በዚያ ቤት፣ ይህን በየትኛው አፏ ትናገር?

ሀምዱ የቀረችውን በግ አረደ።

ሀፊዝ ጉንጩ ጎድጉዶ ገባ። ሰላምታውን በወጉ አቀረበ፣ እጁን ታጠበ፣ ቢስሚላህ አለ። ከዚያ ወጡን ሳይነካ የእንጀራውን ጠርዝ ቆንጠር ቆንጠር ማድረግ ያዘ። ሀምዱ ያየዋል። ቆይቶ ሥጋ የበዛበትን ጠቀለለና እጁን ዘረጋ።

ሀፊዝ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ፣ ጠግቤያለሁ።»

የሀምዱ እጅ አየር ላይ ቆየች። የዊዳድ እናት ሸሪፋ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። ሀምዱ ጉርሻውን ቀስ ብሎ ወደ ትሪው መለሰ።

«አሞሃል?»

«አይ አባባ። ለሥራዬ ነው። ቅዳሜ ኩሊ ሆኜ ነው የምጫወተው፤ ሰውነቴ መድረቅ አለበት።»

«ኩሊ አውቃለሁ» አለ ሀምዱ። «በልቶ ነው የሚሸከመው።»

ሸሪፋ ትሪውን አነሣች።

እንግዳው ከሄደ በኋላ ሀምዱ ልጁን ጠራት። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ሰው አጥቶ በሚራብበት ዓመት፣ ወዶ የሚራብ ሰው አመጣሽብኝ። ጉርሻዬ እጄ ላይ ቀርታለች። ዕዳ ናት። እሷ ሳትከፈል ስለ አንቺ አያንሣብኝ።»

ዊዳድ አባቷን ታውቀዋለች። ያለ አባቷ ዱዓ የምታገባ ልጅም አልነበረችም።

ቅዳሜ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ላይ ሰው ከበበ። ሀፊዝ ከሸራ ኋላ መሬት ገፋ፣ ቅባት ተቀባ፣ ልብሱን አውልቆ ወጣ። ሰው «ማሻአላህ» አለ። በእርግጥም የተጠረበ ድንጋይ ይመስል ነበር። እዚያው ገበያ የሚሸከም ሚስባህ የሚባል ኩሊ ጆንያውን በእግሩ ገፋ አደረገና «ጭድ ነው እንዴ?» አለ። ጭድ ነበር። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ሀፊዝ አፈረ። እህል ይሞላልኝ አለ። ከፍያለው ቢለምነው እንቢ ብሎ ተሸከመ፤ አንድ ጊዜ አደረሰ። ሲደግም ጉልበቱ ከዳውና ከነጆንያው ተንበረከከ። የራሱን ውሃ ይዞ የሮጠው ሚስባህ ነው።

«ጠጣ ወንድሜ» አለው። «አካልህስ ያምራል። ውስጡ ሰው የለም እንጂ።»

ዊዳድ ከሰው መሐል ወጥታ አጠገቡ ቆመች። ሀፊዝ ውሃውን ጨርሶ ቀና አለ።

«ጆንያው ጀርባዬ ላይ እያለ የአባትሽ እጅ ነው የታየኝ» አላት። «እንደተዘረጋች ናት።»

«እኔ ነበርኩ ቀድሜ መንገር የነበረብኝ።»

«አፉ የኔ ነው። መክፈት ያለብኝ እኔ ነበርኩ። አብሽሪ፣ ዕዳው የኔ ነው።»

ሽማግሌ ላከ። ሀምዱ ሻይ አጠጥቶ መለሳቸው። ከዚያ ወዲያ ዊዳድ፣ አባቷን በድብቅ ላለማታለል ስትል፣ ሀፊዝን ወደ ሜዳው አትምጣ አለችው። አልመጣም። እሷ ግን ተማሪዎቿ መሬት ሲገፉ ስትቆጥር፣ አንዳንዴ ያለ ምክንያት ዝም ትላለች፤ ልጆቹ ጎንበስ እንዳሉ ይጠብቃሉ።

ፊልሙ ደሴ ታየ። ስለ ሀፊዝ ጡንቻ ብዙ ተወራ። ያ ሰውነት ግን ከዚያች ቅዳሜ አላለፈም፤ ውሃ ሲጠጣና ጨው ሲቀምስ ያን ያህል መገተሩ ቀርቷል።

የሚቀጥለው ክረምት በጊዜው ገባ። ውርጭም አልወረደም። ኅዳር ሲመጣ ገብሱ ዛላውን መሸከም አቅቶት ተኛ። ሸሪፋ ኮምቦልቻ ደወለችና ለልጇ ስለ ላሟ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ፣ ስለ ጉንፋኗ ስታወራ ቆየች። ስልኩን ልትዘጋ ስትል «እሑድ የአባትሽ ደቦ ነው» አለች። «ደቦ የመጣን ሰው ባለቤቱ አይመልስም። ሳያጎርስም አይሰደውም። እንዲያው ወጉን ላስታውስሽ ብዬ ነው።»

ዊዳድ በዚያች ሰዓት ለሀፊዝ ደወለች።

«እሑድ ለአባቴ ደቦ ኩታበር ናልኝ።»

«ማጭድ ይዤ አላውቅም፣ ዊዳድዬ።»

«ጀርባህን ይዘህ ና።»

እሑድ ፀሐይ ሳትጠነክር መጣ። ሀምዱ አውድማው ላይ ነዶ እየከመረ ነበር። አየው፤ ሂድም ናም አላለውም። ሀፊዝ አጫጆቹ ያሰሩትን ነዶ እየተሸከመ ከማሳ ወደ አውድማ ተመላለሰ። ጉንጩ ሞልቷል፣ ሆዱም ጥቂት ተመልሷል። ከአጫጆቹ አንዱ «ያ የፊልሙ ሰውዬ ወንድምህ ነው?» አለው። «አዎ» አለ ሀፊዝ። «ታላቄ ነው። አይበላም።» ማሳው ሙሉ ሳቀ። ሀምዱ ፊቱን ወደ ክምሩ አዞረ።

ረፋዱ ላይ ሀምዱ ድንገት «ዛላውን ወደ ላይ አድርገህ ያዝ፤ ፍሬው ይረግፋል» አለ። ከጥር ወዲህ ለሀፊዝ የተናገረው የመጀመሪያው ቃል ነበር። ሀፊዝ ዛላውን ወደ ላይ አደረገ።

ለምሳ ከጽድ ዛፍ ጥላ ሥር በመደዳ ተቀመጡ። ዊዳድ በጆግ ውሃ እያፈሰሰች ታስታጥባለች። ሀምዱ እንደ ወጉ ከዳር ጀምሮ ሁሉንም ያጎርስ ጀመር። ሀፊዝ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። አጫጆቹ ወደ ሁለቱ ዞሩ። ዊዳድ ጆጓን እንደያዘች ቀረች።

«ሀፊዝ» አለ ሀምዱ። በስሙ ጠርቶት አያውቅም ነበር። «ዛሬስ ጠግበሃል?»

«ርቦኛል አባባ። ወላሂ ርቦኛል።»

ሀምዱ ጠቀለለ። ማንንም ያላጎረሰውን የሚያህል ጠቀለለ። ሀፊዝ አፉን ከፈተ፤ ጉንጩ ተወጠረ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ አኝኮ ዋጠ።

«ይቺ የአምናዋ ናት» አለ ሀምዱ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል። ድገም።» ደገመው።

ሀፊዝ ሁለተኛዋን እንደዋጠ ተነሣ። ዊዳድ ፊት ቆሞ እጁን ዘረጋ፣ ውሃ አፈሰሰችለት። ቀና ብለው ተያዩ። ተመልሶ ከትሪው ጠቀለለና ለሀምዱ ዘረጋ።

እጁ አየር ላይ ቆየች። ሀምዱ የሀፊዝን እጅ አያት። የነዶው ማሰሪያ መዳፉን ልጦት ነበር። ለካሜራ የተቀባ እጅ አልነበረም።

ሀምዱ አፉን ከፈተ።

ቀስ ብሎ አኘከ፣ ዋጠ፣ ጢሙን ጠረገ።

«ሽማግሌዎችህን ላካቸው» አለ። «ሻይ አይበቃቸውም፣ ምሳ ይብሉ። ዕዳህ ተከፍሏል።»

መደዳው እንደገና በጨዋታ ተሞላ። ሸሪፋ ልጇን ቀና ብላ አየቻትና ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። ዊዳድ ጆጓን አዘንብላ፣ ማንም እጁን ባልዘረጋበት መሬት ላይ ውሃ እያፈሰሰች ነበር።