በሐኪሙ ግራ ኪስ የቀረው

የቡድኑ ሐኪም የበረዶ ገንዳው ክፍል ወለል ላይ በጀርባው ተዘርግቶ ነበር። ማጅራቱ የገንዳውን የብረት ጠርዝ መትቶ የፈሰሰው ደም ነጩን ሴራሚክ አቋርጦ እስከ ውሃ መውረጃው ደርሷል። ክፍሉ ተጫዋቾች ከልምምድ በኋላ በረዶ ውስጥ እየተነከሩ የሚንጫጩበት ነው። በዚያ ጠዋት ግን ልጆቹ ከበሩ ውጪ ተሰብስበው ነበር።

«አዳልጦት ነው» አለ በሩን የሚጠብቀው ፖሊስ። «እንዲህ ያለ ወለል ላይ ሰው ይወድቃል።»

«ለምን?» አለች መርማሪዋ።

ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ለምን» የሚል ስም ያወጡላት በከንቱ አልነበረም። ጉልበቷ ስለሚያማት ግድግዳውን ተደግፋ፣ እየቃሰተች ተንበረከከች። ሴራሚኩን በመዳፏ ዳበሰችው፤ ደረቅ ነው። ገንዳዎቹም ባዶና ደረቅ ናቸው፤ በረዶው ገና አልመጣም። የሐኪሙን ጫማ ገልብጣ አየችው፤ ሶሉ ጎማ ነው።

«በደረቅ ወለል ላይ፣ የጎማ ጫማ አድርጎ ያዳለጠው ሰው ገጥሞህ ያውቃል?»

ፖሊሱ ራሱን አከከ።

የሐኪሙ ጃኬት የቀኝ ኪስ ገበር ወደ ውጪ ተገልብጧል። የግራው ኪስ ግን በሥርዓቱ ተዘግቶ ነው ያለው። እጇን ሰደደችና ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን አወጣች። ውስጡ ሰማያዊ፣ የጥርስ ቅርጽ የታተመበት ለስላሳ ላስቲክ አለ። ወደ መብራቱ አንስታ አገላብጣ አየችው። የጥርሶቹ ጉድጓዶች ተራ በተራ ተደርድረዋል፤ ከፊት በኩል አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጉድጓድ የለም፣ ድፍን ነው። ምንም ሳትናገር ወደ ቦርሳዋ ከተተችው።

ቡድኑ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ያሉ ልጆች የራግቢ ቡድን ነው፤ ለዓለም አቀፉ የታዳጊዎች ውድድር መጥቶ ለግማሽ ፍጻሜ ደርሷል። ጨዋታው የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። የበረዶ ክፍሉ ቁልፍ ከሐኪሙ ሌላ በሦስት ሰዎች እጅ አለ፤ በዋና አሰልጣኙ፣ በወጌሻዋና በቡድን መሪው። በሩ ደግሞ አልተሰበረም።

አስከሬኑን ያገኘችው ወጌሻዋ ናት። መርማሪዋ ስትገባ የሕክምና ክፍሉ አልጋ ላይ ተቀምጣ የተጠቀለለ ፋሻ ትፈታለች፣ መልሳ ትጠቀልላለች።

«ልጆቹ ጥርሳቸው ላይ የሚያደርጉት ላስቲክ ምንድን ነው?» ስትል ጠየቀቻት መርማሪዋ፣ ያገኘችውን ሳታሳያት።

«የጥርስ መከላከያ ነው። ያለሱ ሜዳ የሚገባ የለም። ሙቅ ውሃ ውስጥ አለስልሼ እያንዳንዱን ልጅ የማስነክሰው እኔ ነኝ። ከላይ ሲያዩዋቸው ሁሉም አንድ ናቸው፤ ቀለማቸውም ሳጥናቸውም። ውስጡን ካየሁ ግን የማን አፍ እንደሆነ እነግርዎታለሁ።»

«ሐኪሙ የልጆች ላስቲክ ኪሱ ውስጥ የሚይዝበት ምክንያት አለ?»

ወጌሻዋ ፋሻውን አስቀመጠችው። «የሱ ደንብ ነው። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ካለ ላስቲኩን ይቀማዋል። ሲሻለው ራሱ መርምሮ፣ በገዛ እጁ ይመልስለታል። ላስቲኩ የተመለሰለት ልጅ ተፈቀደለት ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ የለም።»

«አሁን የተቀማ አለ?»

«ሁለት ናቸው። ትናንት ልምምድ ላይ ፍላጻውና ጡብ የምንላቸው ልጆች ግንባር ለግንባር ተላተሙ። ፍላጻው እዚያው ተዘረረ። ጡብ ግን እየሳቀ ተነስቶ ልምምዱን ጨረሰ። ማታ እራት ላይ አስመለሰውና ሐኪሙ የሱንም ወሰደበት፣ እኔና አሰልጣኙ እያየን።»

«ከሐኪሙ ጋር ትስማሙ ነበር?»

ፊቷ ቀላ። «ሰው ሳይነግርዎት ልንገርዎት። ሳላስፈቅደው ማስታገሻ ሰጥቼ ተቆጥቶኛል። ከዚህ ጉዞ በኋላ ሌላ ሥራ ፈልጊ ብሎኛል። እውነቱን ነበር፤ ግን አናዶኛል።»

አሰልጣኙ ቢሮው ውስጥ ነጭ ሰሌዳ ፊት ቆሞ የተጫዋቾችን ቦታ በማግኔት ያዘዋውራል። መርማሪዋን ሲያይ አንዱ ማግኔት ከእጁ ወደቀ።

«ማታ እራት ላይ ጮኸውበታል አሉ» አለችው፣ ሰላምታውን ገና ሳይጨርስ።

«ጮኼበታለሁ! በግማሽ ፍጻሜ ዋዜማ ሁለት ልጅ ነጠቀኝ እኮ። እነዚህን ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሬ ነው ያሳደግኳቸው። ከሌላ አገር እኩዮቻቸው ጋር ካልተላተሙ አይበስሉም። እሱ ግን ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹አንተ ትከሻ ታሳድጋለህ፣ እኔ አንጎል አሳድጋለሁ።›» አሰልጣኙ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምን ብዬ እመልስለታለሁ? ጮኽኩበት።»

«ታዲያ ዛሬ ሁለቱም አይጫወቱም?»

«ጡብ አይጫወትም። ፍላጻው ግን ተፈቅዶለታል። ጠዋት አባቱ ነገረኝ፤ ልጁም ሳጥኑን ይዞ አሳየኝ።»

«አባቱ ማነው?»

«የቡድን መሪያችን ነዋ!»

መርማሪዋ ወንበር ሳትጋበዝ ተቀመጠች። «ያልዳነ ልጅ በድጋሚ ጭንቅላቱን ቢመታ ምን ይሆናል?»

አሰልጣኙ ወደ ሰሌዳው ዞረ። «ሊሞት ይችላል ይላሉ። ግን ሐኪሙ ፈቅዷል አልኩዎት! የውጪ ክለብ መልማዮች ፍላጻውን ብለው ነው የመጡት። አልፈቀደም የሚሉ ከሆነ ማስረጃ ያምጡልኝ፤ ያን ጊዜ አስወጣዋለሁ።»

ሟቹ ሞቷል፤ ለሱ መቸኮል አይጠቅመውም። ያ ልጅ ግን ከሰዓት በኋላ ሜዳ ሊገባ ነው፣ እሷም የያዘችው ነገር ቢኖር አንድ ላስቲክ ነው።

የቡድን መሪው ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ የውድድሩን መታወቂያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ጠበቃት። ወንበር ሳበላት፤ ውሃ ቀዳላት። እንዲህ የሚሽቆጠቆጥላት ሰው ሲገጥማት ሁልጊዜ ደስ አይላትም።

«አሳዛኝ አደጋ ነው» አለ። «እንደ ወንድሜ ነበር የማየው።»

«ማታ እራት ላይ አልነበሩም?»

«የአዘጋጆቹ ስብሰባ ላይ አመሸሁ። ስመለስ ሁሉም ተኝቷል።»

«ሐኪሙ ያገደው ስንት ልጅ ነበር?»

«አንድ ነው። የኔን ልጅ። እሱም ጠዋት ተሽሎት ላስቲኩን መልሶለታል።»

«ሲመልስለት አይተዋል?»

«አላየሁም፤ ልጄ ነው የነገረኝ። ልጄ ደግሞ አይዋሽም።» ብርጭቆውን በጣቱ አሽከረከረው። «እናቱ ከሞተች ወዲህ እኔና ራግቢ ነን ያሳደግነው። የዛሬው ጨዋታ ካለፈው ሌላ ዕድል አያገኝም፤ በዚህ ዕድሜ አንድ ዓመት ብዙ ነው።»

መርማሪዋ አዘነችለት፤ ጥርጣሬዋ ግን ባለበት ነበር።

ልጁን ያገኘችው መኝታ ክፍሉ ውስጥ፣ መጋረጃውን ዘግቶ ነው። በሩን ስትከፍተው ብርሃኑን በክንዱ ከለለ። ቁመቱ ረጅም፣ ፊቱ ገና የሕፃን ነው። አፉን ሲከፍት ከላይ የፊት ጥርሱ አንዱ የለም።

«የኔ ልጅ፣ ላስቲክህን ማን መለሰልህ?»

«ሐኪሙ።»

«የት?»

«ኮሪደሩ ላይ።»

«ምን እያለ ሰጠህ?»

ልጁ ሳጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ጨብጦታል።

«ነክሰህ ሞክረኸዋል?»

«አይ… ገና ነኝ።»

«ሐኪሙን ትወደው ነበር?»

ዕንባው ዱብ ዱብ አለ። በእጅጌው ጠረገና፣ «ራሴን ያመኛል፣ ልተኛ» አላት። መርማሪዋ በሩን ቀስ ብላ ዘግታለት ወጣች፤ ግን ሩቅ አልሄደችም። ኮሪደሩ ላይ ቆማ ሁሉም ወደ ስብሰባ ክፍሉ እንዲመጡ አስጠራች።

ልጁ አባቱን ተደግፎ ገባ። አሰልጣኙ ሰዓቱን ያያል፤ ወጌሻዋ ጥግ ይዛለች። መርማሪዋ በሐኪሙ ግራ ኪስ ያገኘችውን ሳጥን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ክዳኑን ከፈተች።

«የማን አፍ ነው ይሄ?» አለቻት ወጌሻዋን።

ወጌሻዋ ጎንበስ ብላ ለአፍታ አየችው። «የፍላጻው ነው! ይኸው፣ በጎደለው ጥርስ በኩል ድፍን ነው።»

«ሐኪሙ ሲሞት ኪሱ ውስጥ ነበረ። እንግዲህ ለዚህ ልጅ አልፈቀደለትም ማለት ነው። አንተ የያዝከውንስ ታሳየናለህ?»

ልጁ ሳጥኑን አጥብቆ ያዘ፤ ወጌሻዋ ግን ከጣቶቹ ቀስ ብላ አላቀቀችው። ገና ስትከፍተው ራሷን ነቀነቀች። «የጡብ ነው።»

«እና ምን ይጠበስ?» አለ የቡድን መሪው። ጨዋነቱ ድንገት ጠፋ። «ሐኪሙ ለልጄ ሲሰጥ ተሳስቶ የሌላውን ሰጠው። ሰው አይሳሳትም?»

«ይሳሳታል። ግን ሰው ከገዛ ኪሱ ዕቃ ሲያወጣ ገበሩን አይገለብጥም። የሟቹ ቀኝ ኪስ ተገልብጧል፤ በችኮላ የጎረጎረው ሌላ ሰው ነው። ደግሞ ሐኪሙ ተሳስቶ ሰጥቶት ቢሆን ልጁ ይሄ የኔ አይደለም ብሎ ይመልስለት ነበር። የሌላ ሰው ላስቲክ አፍ ውስጥ አይገባም። ይሄ ልጅ ‹ገና ነኝ› ቢለኝም፣ ነክሶ ልክ እንዳልሆነው ያውቃል፣ ግን ዝም ብሏል። ለምን? የሰጠውን ሰው ስለሚወደው ነው።»

«አሁን ደግሞ ይህን አስቡ» አለች መርማሪዋ፣ የታመመ ጉልበቷን እያሸች። «ሌባው ቀኝ ኪሱን ፈተሸ፣ አንድ ላስቲክ አገኘ፣ አቆመ። የግራውን አልነካም። ወጌሻዋ ብትሆን ሁለት ላስቲክ እንዳለ ታውቃለች፣ ውስጡን አይታም የማን እንደሆነ ትለያለች። አሰልጣኙም የጡብ ላስቲክ ሲወሰድ እዚያው እራት ላይ ነበሩ፤ ሁለቱንም ኪስ ይፈትሹ ነበር። በመጀመሪያው ላስቲክ የሚያቆም ሰው፣ ሐኪሙ የያዘው አንድ ላስቲክ ብቻ መስሎት ነው። የበረዶ ክፍሉ ቁልፍ ካላቸው መካከል፣ ‹የታገደው አንድ ልጅ ነው› ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ማታ እራት ላይ አልነበረም።»

ሁሉም ወደ ቡድን መሪው ዞሩ።

«እኔ ነኝ!» አለ ልጁ ድንገት። «አባዬ አይደለም፣ እኔ ነኝ የወሰድኩት!»

«አንተ ብትሆን የኔ ልጅ፣ እዚያው ነክሰህ ታየውና ሌላውን ኪስ ትፈትሽ ነበር።»

የቡድን መሪው ቀስ ብሎ ወንበር ላይ ተቀመጠ። መታወቂያውን ከአንገቱ አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

«በሰላም ልለምነው ነበር የሄድኩት» አለ። «‹እሺ በለኝ፣ አንድ ጨዋታ ብቻ› አልኩት። ‹ልጅህን በሬሳ ሣጥን ልትመልሰው ነው?› አለኝ። እንዲህ ሲለኝ… ገፋሁት። አንዴ ነው የገፋሁት። ወድቆ ሲቀር አምቡላንስ መጥራት ነበረብኝ። እኔ ግን ኪሱን ፈተሽኩ።» ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «የገዛ ልጄን ጥርስ እንኳን አላየሁም።»

አሰልጣኙ መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ። ልጁ ወደ አባቱ ሊራመድ ተነሳ፤ ሁለት ጊዜ ተንገዳግዶ ጠረጴዛውን ያዘ።

«አባዬ» አለ፣ ቃላቱ አፉ ውስጥ እየተጎተቱ። «ጨዋታው ስንት ለስንት አለቀ?»

ጨዋታው ገና አልተጀመረም።

ወጌሻዋ ሮጣ ያዘችውና ወለሉ ላይ አስተኛችው። አንዱን የዓይን ሽፋኑን ገለጠች፣ ከዚያ ሌላውን፤ «አምቡላንስ!» ብላ ጮኸች። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ስልኩን እያወጣ ወደ ኮሪደሩ ሮጠ።

አባትየው ልጁ አጠገብ ተንበርክኮ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ደገፈ። መርማሪዋ ካቴናውን አውጥታ ነበር፤ መልሳ ወደ ቦርሳዋ ከተተችው። መኪናው እስኪመጣ ይቆይ አለች በልቧ።

«አባዬ፣ ራሴን…» አለ ልጁ፣ ዓይኖቹን ጨፍኖ። «ሐኪሙን ጥራልኝ።»

አባትየው የልጁን ፀጉር ደባበሰው። ከዚያ ቀና ብሎ መስኮቱ ጋ የቆመውን አሰልጣኝ ፈለገ።

«አይጫወትም» አለው።