ከበሩ ሥር ያለው ዝገት

ሚሌኒየሙ በተከበረ በሁለተኛው ወር፣ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ በሩ በገመድ የታሰረ አረንጓዴ ሚኒባስ ከላሊበላ ከተማ ታችኛው ጫፍ ወዳለ የብየዳ ቤት እያዘገመ ገባ። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ዙሪያውን ቃኘ። ጸጉሯን በሻሽ ጠቅልላ የመስኮት ፍርግርግ ከምትበይድ አንዲት ሴት በቀር ሰው የለም።

«እህቴ፣ ባለሙያውን ፈልጌ ነበር።»

ሴቲቱ የብየዳ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አደረገች። «ባለሙያዋ እኔ ነኝ። ምን ሆኖ ነው?»

ዓይናዲስ ትባላለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። አባቷ መሪጌታ ወልደ ኪዳን በላሊበላ ሲያስተምሩና ሲያገለግሉ የኖሩ የቅኔ መምህር ናቸው። የመሪጌታ ልጅ ብረት ቀጥቃጭ ሆነች ተብሎ በሰፈሩ ያልተወራ ነገር የለም። እሳቸው ግን ደሴ ሄጄ ሙያውን ልማር ባለቻቸው ጊዜ ሦስት ቀን ዝም አሉና በአራተኛው ቀን ጋሸና ድረስ ሸኟት። ደሴ አንድ ጋራዥ ውስጥ ስትሠራ ቆይታ፣ ከተመለሰች በኋላ ይህችን ቤት ከፈተች።

ሰውየው ደሳለ ይባላል። የጋሸና ልጅ ነው፤ በዚያ ሚኒባስ ከጋሸና ላሊበላ ሰው ያመላልሳል። ረጅም፣ ለግላጋ ሰው ቢሆንም ዓይኖቹ ጎድጉደዋል፤ ስንት ሌሊት እንዳልተኛ ፊቱ ይናገራል።

የሆነውን ለመናገር ብዙም አልፈለገም፤ ግን ዓይናዲስ ስትጠይቀው ቀስ በቀስ አወጣው። ከአሥር ቀን በፊት ብልባላ ላይ አስቻለች የምትባል ምጥ የጠናባት ሴትን ከባሏ ከደግሰው ጋር ጭኖ ወደ ሐኪም ቤት እየገሰገሰ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ የመኪናው ጎን ከድንጋይ ጋር ተጋጨ። ተንሸራታቹ በር ከነመሄጃው ተነቅሎ ወደቀ። አስቻለች ወደ ገደሉ ስትንሸራተት ደግሰው መቀነቷን ይዞ አስቀራት። ደረሱ፤ በሰላም ወለደች፤ ሴት ልጅ ታቅፋ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ደሳለ ዓይኑን በከደነ ቁጥር የሚታየው ያ የተከፈተ በር ነው።

«እንዲሸጥ ብቻ አድርጊልኝ» አለ በመጨረሻ። «ኮን ከተማ ላይ ገዢ አግኝቻለሁ። በእኔ እጅ ከእንግዲህ ሰው አይጫንም።»

ዓይናዲስ መኪናውን በክሪክ አነሳችና ሥሩ ገብታ ተጋደመች። ከበሩ ሥር፣ ሰው ሲገባ የሚረግጠው መወጣጫ ያለበት፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚሄደው ላሜራ ተጨፍልቋል። መፋቂያዋን ስታሳርፍበት አረንጓዴው ቀለም ተነሳ። ከአረንጓዴው ሥር ነጭ ቀለም ወጣ። ከነጩ ሥር አንድ ጣት የሚወፍር ቀዳዳ መድፈኛ ስቱኮ ተገኘ። ስቱኮው ሲፈረካከስ የተጠቀጠቀ ጋዜጣ፣ ዝገት የበላው ብረትና ከዘይት ጣሳ የተቆረጠ ቆርቆሮ ተራ በተራ ወደቁ።

ቆርቆሮውን አንስታ አየችው። ጠርዙ ሁለት ጊዜ ታጥፏል።

እጅ እንዳይቆርጥ ጠርዙን ሁለት ጊዜ የምታጥፍ እሷ ናት። ማንም አላስተማራትም፤ የራሷ ልማድ ነው።

ከአራት ዓመት በፊት ደሴ ጋራዡ ውስጥ የነበረውን ነጭ ሚኒባስ አስታወሰች። ሥሩ በስብሶ ነበር። ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ካልተበየደለት ለሰው አይሆንም ብላ ነበር። የጋራዡ ባለቤት ግን «ገዢ የሚያየው ቀለሙን ነው፣ ሸፍኚው፣ ካልፈለግሽ በሩ ያው» አላት። ሸፈነችው። ሦስት ወር ሳይሞላ ሥራውን ትታ ወጣች፤ ያንን መኪና ግን ማንም አላስቆመውም። ወልድያ ላይ ተሸጠ፣ አረንጓዴ ተቀባ፣ ከዚያ ደሳለ ገዛው።

ዓይናዲስ መኪናው ሥር እንደተጋደመች ቆየች።

«ምነው? ክፉኛ ተጎድቷል?» አለ ደሳለ ጎንበስ ብሎ።

«ተቆርጦ መውጣት አለበት» አለችው ከሥር ሳትወጣ። ድምጿ የራሷ አልመስል አላት። «ሳምንት ይፈጃል።» ቆርቆሮውን ኪሷ ከተተችው።

ደሳለ ከተማው ውስጥ እያደረ በየቀኑ እየመጣ ይቀመጥ ጀመር። መጀመሪያ ዝም ብሎ ያያት ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ላሜራውን ይዞላት ሲያስቆርጣት ዋለ። መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራው ይቆምና ሁለቱም ደጃፉ ላይ ይቀመጣሉ። ከጋሸና ያመጣውን የባቄላ እሸት እየፈለፈሉ ያወራሉ። አባቱ በልጅነቱ እንደሞቱ፣ እናቱ ወይዘሮ ይማርሽ ለጭነት መኪና ሾፌሮች ምግብ እየሠሩ እንዳሳደጉት፣ መንዳትም ከእነዚያ ሾፌሮች እንደተማረ ነገራት፤ የኮኑን ገዢም በየመሀሉ ያነሳባታል። እሷም ብረት ሲግል የሚያወጣውን ቀለም ገና በልጅነቷ እንደወደደችው ነገረችው። ይህንን ለማንም ተናግራ አታውቅም ነበር።

አንዳንዴ ወሬው ያልቅና እሸት መፈልፈሉ ብቻ ይቀራል። ቀና ስትል ዓይኑን እጇ ላይ ታገኘዋለች፤ እሱ ቶሎ ብሎ ወደ መንገዱ ይዞራል። ሲስቅ የጎደጎዱት ዓይኖቹ ይሞላሉ። እሷም በሳቀላት ቁጥር ኪሷ ውስጥ ያለው ቆርቆሮ እየከበዳት ሄደ።

በአራተኛው ቀን ማታ ራት ላይ ሁሉንም ለአባቷ ዘረገፈችላቸው። መሪጌታ እስክትጨርስ አላቋረጧትም። ሰውየው እንቅልፍ ያጣው በራሱ ጥፋት መስሎት ነው ወይ ብለው ጠየቋት። አዎ አለቻቸው።

«እንግዲያው እንቅልፉን አንቺ ይዘሽበታል» አሉ። «መልሺለት።»

በማግስቱ ደሳለ እንደመጣ ሥራ ሳትጀምር ፊቱ ቆመች።

«ደሳለ፣ በሩ የተነቀለው በአነዳድህ አይደለም።»

«አንቺ በምን አወቅሽ? አልነበርሽም።»

«ከበሩ ሥር ያለው ብረት ቀድሞ በስብሷል። ድንጋዩ ባይነካውም አንድ ቀን መውደቁ አይቀርም ነበር። በላዩ ጋዜጣ ጠቅጥቄ፣ ስቱኮ ለቅልቄ የሸፈንኩት እኔ ነኝ። ደሴ ሳለሁ። አሠሪዬ ነው ያዘዘኝ፤ እጁ ግን የእኔ ነው።»

ቆርቆሮውን ከኪሷ አውጥታ ሰጠችው። ደሳለ ተቀብሎ አገላበጠው። የታጠፈውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«የመጀመሪያውን ቀን።»

«አራት ቀን ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠሽ...» አለና አልጨረሰውም። ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጥቶ ሄደ።

አልተከተለችውም። ምን ብላ ትከተለዋለች? ሥራዋን ያዘች። የበሰበሰውን አንድም ሳታስቀር ቆርጣ አወጣች። አዲሱን ላሜራ አጥፋ ገጠመችው፤ ብየዳው ክፍተት እንዳይኖረው ደጋግማ ሄደችበት። ውሃ እንዳይተኛበት ከሥሩ ቀዳዳዎች አበጀችለት፤ ውስጡንም ማንም የማያየውን ቦታ ሁሉ ፀረ ዝገት ቀባችው። የበሩን መሄጃ አቀናች። ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ። ከመንገዱ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ቀና ማለቷን ግን መተው አልቻለችም።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ደሳለ ጫማው አቧራ ለብሶ ደረሰ።

«ብልባላ ነበርኩ» አለ።

አስቻለችና ባሏ ቤት ሄዶ ዓይናዲስ የነገረችውን ሁሉ ነግሯቸዋል። ደግሰው ሰምቶት ሲያበቃ የመለሰለት ደሳለ ያልጠበቀውን ነው። «በሩ ወድቆ እንኳ ጉዞውን አልተውክም፤ እኔ ሚስቴን ይዤ ስጮህ አንተ በሩን በገመድ አስረህ አደረስከን፤ እዚያ ብትቀር ኖሮ ዛሬ እኔ ሁለት መቃብር ነበረኝ» ብሎታል። አስቻለችም ሕፃኗን አምጥታ አሳቀፈችው።

«እዚያው መደባቸው ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ» አለ ደሳለ። «ሲመሽ ተኝቼ፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነቃሁ።»

ዓይናዲስ ፊቷን ወደ መኪናው አዞረች። ክሪኩን አንስታ አዲሱ ላሜራ ሥር አስገባችና ትዘውር ጀመር። የመኪናው ጎን በሙሉ ክብደቱ በዚያ ላሜራ ላይ አርፎ ተነሳ። ጎማዎቹ መሬት ለቀቁ። ላሜራው አልጎበጠም።

«በሩን ሳበው» አለችው።

ደሳለ ሳበው። በሩ ተንሸራቶ ሄደና በአንድ ምት ገጠመ። ከፈተው፤ ደግሞ ዘጋው። ከዚያ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ቆመ።

«የተናደድኩት በአራት ዓመቱ አይደለም» አላት። «በአራቱ ቀን ነው። ከእንግዲህ አንድ ነገር ካወቅሽ በመጀመሪያው ቀን ንገሪኝ።»

ከእንግዲህ ማለቱን ሰማች። «እሺ» አለች በቀስታ።

«እኔም አራት ቀን የደበቅኩሽ ነገር አለ።»

«ምን?»

«ኮን ላይ ገዢ አግኝቻለሁ ያልኩሽ ውሸት ነው። ገዢ የለም። ልሸጠው ማሰቤ እውነት ነበር፤ በኋላ ግን ነገሩን ደጋግሜ ያነሳሁት አትሽጠው፣ አትሂድ ትዪኝ እንደሆነ ብዬ ነው።»

ዓይናዲስ ከት ብላ ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ እንባዋ መጣ፤ በጥቁር እጇ ስትጠርገው ጉንጯ ጠቆረ። ደሳለ መሐረቡን አውጥቶ ሊሰጣት ነበር፤ ሐሳቡን ለወጠና ራሱ ጠረገላት።

የመጋባታቸው ነገር ጋሸና ሲደርስ ግን አልቀለለም። ወይዘሮ ይማርሽ ብረት ሠሪ ምራት የሚባል ነገር መስማት አልወደዱም፤ ሰው ምን ይለናል ብለው ልጃቸውን ሳምንታት አኮረፉት። አንድ ቅዳሜ ግን ሳይታሰቡ በሚኒባሱ መጥተው ብየዳ ቤቱ ደጃፍ ተቀመጡ። ረፋዱን ሙሉ ስትሠራ ተመለከቷት።

«የመኪናውን ጉዳይ ራስሽ ነሽ የነገርሽው ወይስ ደርሶብሽ?» አሏት በመጨረሻ።

«ራሴ ነኝ፣ እማማ። ዘግይቼ ነው እንጂ።»

ወይዘሮ ይማርሽ ተነሱ። ቀሚሳቸውን አራግፈው፣ «ለአባትሽ ሽማግሌ እንደምልክ ንገሪልኝ» ብለው ሄዱ።

ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ሦስት ሽማግሎች ከጋሸና መጡ። መሪጌታ ግቡ፣ ተቀመጡ ቢሏቸው አሻፈረን አሉ፤ ቃል ሳናገኝ አንቀመጥም ብለው ደጃፉ ላይ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። ትልቁ ሽማግሌ የመጡበትን ተናገሩ። ዓይናዲስ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ታዳምጣለች። ደሳለ ውጭ አጥሩ ሥር መሆኑን ታውቃለች።

መሪጌታ የልጃቸውን ፈቃድ ቀደም ብለው ጠይቀዋታል፤ መልሷንም ያውቃሉ። ሆኖም አባት ናቸውና ዝም አሉ። ደሴ ልሂድ ያለቻቸው ጊዜ የነበረው ዝምታ ለዓይናዲስ ትዝ አላት።

«ደክሟችኋል» አሉ በመጨረሻ። «ልጄን ሰጥቻለሁ። አሁን ተቀመጡ።»

ዓይናዲስ ሽማግሎቹ እያመሰገኑ መደቡ ላይ አንድ በአንድ ሲቀመጡ ሰማች። ሦስተኛው ሽማግሌ እስኪቀመጡ ጠበቀችና በጓሮ በር ወደ አጥሩ ሮጣ ወጣች።