አሥራ አራት ፍሊን

ማርኒ የመብራት ማቆሚያዋ የተሰበረባት ገና በሩን ሳታንኳኳ ነው። የሆባርት ከተማ ነፋስ ከተራራው ወርዶ ከእጇ ነጠቃትና በቤቱ ሃያ ሁለት ደረጃዎች ቁልቁል አንከባለለው።

በሩን የከፈተው ሰውዬ ስብርባሪውን አየ፤ እሷን አየ።

«ገና ሳትገቢ ሰበርሽ?»

«ነፋሳችሁ ነው። ፎቶ አንሺዋ ነኝ፣ ለቤቱ ሽያጭ ደላላው ልኮኝ ነው። እጅህ ጤነኛ ነው?»

«ሁለቱም።»

«በቃ፣ ማቆሚያዬ አንተ ነህ።»

ፍሊን ይባላል። እናቱ ጆይስ ወጥ ቤቱ በር ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሉ። ቤቱ የሚሸጠው ለዚያ ጉልበት ነው፤ ደረጃ የሌለው ቤት እንዲገቡ። ፍሊንም እሳቸውን ሊያስታምም ጀልባ መሥራቱን ትቶ ከሩቅ፣ ከዳርዊን ከተማ ከመጣ ሦስት ዓመቱ።

ማርኒ ካሜራውን ተከለችና «ማንም እንዳይነካው» አለች። ወጥ ቤቱ ጨለማ ነው፤ መስኮቱ ደግሞ ዓይን ይወጋል። ለክፍሉ ብለው ሲያነሱ ተራራው ነጭ ይሆናል፤ ለተራራው ሲያነሱ ክፍሉ ከሰል። ስለዚህ ፍሊን ፍላሹን ይዞ ከጥግ ጥግ ይዞራል፣ እሷ ካሜራዋን ሳታነቃንቅ አሥራ አራት ጊዜ ታነሳለች፤ ከዚያ ኮምፒዩተር ላይ ብርሃን ብርሃኑን ለቅማ አንድ ፎቶ ታደርገዋለች።

«ታዲያ እኔም ፎቶው ላይ ልወጣ ነው?»

«ትወጣለህ። ከዚያ አጠፋሃለሁ።»

«ሠላሳ አራት ዓመት ሞክሬ አልሆነልኝም» አሉ ጆይስ። «ሲሳካልሽ ንገሪኝ።»

ማርኒ ሥራ ላይ አትስቅም። ሳቀች።

የመስኮቱን ሊያነሱ ሲሉ ደመና ተራራውን ዋጠው። ቁጭ ብለው ጠበቁ። ፍሊን ዳቦ ጠብሶ ቬጂማይት የሚሉትን ጨዋማ ማባያ ቀባላት። መጠበቅ የማይሆንላት ሴት አንድ ሰዓት ሙሉ ሰዓቷን አላየችም። ጆይስ ተኙ፤ ወይም የተኙ መሰሉ።

«ቤቱ ሲሸጥ ወደ ዳርዊን እመለሳለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ዳቦዋን አኘከች። እሱ እጆቹን አየ።

«እንግዲያው ፎቶውን አጨልሚው፤ ቤቱን ማንም አይግዛው።» ሳቀ። ሳቁ ቶሎ አለቀ።

«እናትህ ያን ሁሉ ደረጃ እንዴት ነው የሚወርዱት?»

«እየተቀመጠች። አንድ ባንድ።»

«በቃ። ሥራዬን አላበላሽም። በጣም ነው ያማረኝ፤ ግን አላበላሽም።»

«አማረሽ?»

«ተነሥ፣ ደመናው ሄደ።»

በማግስቱ ጠዋት ኮምፒዩተሯ ላይ ታጠፋው ጀመር። ከምድጃው አጠገብ አጠፋችው። ከበሩ ሥር አጠፋችው። ዘጠነኛው ፎቶ ላይ «ጣሪያውን እይ» ብላው ነበር፤ እሱ የሚያየው ግን ወደ ካሜራው ነው። ካሜራውንም አይደለም፤ እሷን።

እጇ ቆመ። ይቺን አንዷን ፎቶ ሳትደርባት ብትቀር ያ ጥግ እንደጨለመ ይቀራል፤ ቤቱም ሳይሸጥ ይከርማል። ማን ያውቅባታል?

ጆይስ ደረጃው ላይ ቁጭ፣ ብድግ ሲሉ ታዩዋት። አጠፋችው። ጥጉ በራ፣ ተራራው መስኮቱን ሞላው። በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ፎቶ ሠርታ አታውቅም። ተናዳ ለደላላው ላከችው።

ቤቱ በዘጠኝ ቀኑ ተሸጠ።

ዕቃ የሚታሰርበትን ቀን ከደላላው ጠይቃ፣ ነፋሱን እየሰደበች ሃያ ሁለቱን ደረጃ ወጣች። ኮሪደሩ ካርቶን ብቻ ነው። ግማሹ ላይ «ዳርዊን» ተጽፎበታል።

«ያጠፋሽኝ መስሎኝ» አለ ፍሊን።

«ለደላላው አጥፍቼሃለሁ። ይሄ የኔ ነው።»

አንድ ትልቅ ፎቶ ዘረጋችለት። አሥራ አራቱንም ደርባ፣ እሱን ሳትነካው። ወጥ ቤቱ በፍሊን ጢም ብሏል፦ አንዱ ምድጃው ጋ፣ አንዱ በሩ ሥር፣ አንዱ ከጠረጴዛው ኋላ አጎንብሶ፤ ዘጠነኛው ቀጥ ብሎ እያየ።

«ኧረ አምላኬ፣ አሥራ አራት!» አሉ ጆይስ። «አንዱ መች አነሰኝ?»

«አሥራ ሦስቱ ዳርዊን ይሂዱ» አለች ማርኒ። «ዘጠነኛው ለኔ ይቅር። ቁርጡን ንገረኝ፣ መኪናዬ መንገድ ዘግቷል።»

ፍሊን ፎቶውን ወደ መስኮቱ ወሰደና አተኩሮ አየው።

«አንቺ የት አለሽ?»

«ካሜራው ኋላ። እኛ ፎቶ አንሺዎች አንታይም።»

«ይቺስ?»

ጣቱ ፎቶው ውስጥ ካለው ማንቆርቆሪያ ላይ ነው። በሚያብረቀርቀው ሆዱ ውስጥ አንዲት ድንክ፣ ጥምም ያለች ሴት ካሜራ ላይ ተደፍታለች። ለሥራ ሲሆን ማርኒ ከሁሉ በፊት የምታጠፋው ይቺን የገዛ ምስሏን ነው።

«ረስቻት ነው።»

«አልረሳሻትም።»

ፍሊን ወደ ካርቶኖቹ ሄደ።

«ጀልባ እንደሆነ እዚህም ይሠራል» አለ ለራሱ። እስክሪብቶ አንሥቶ ከካርቶኑ ላይ «ዳርዊን» የሚለውን ሰረዘ። ሁለተኛውንም ሰረዘ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት፤ ልክ እንደ ዘጠነኛው።

«ቶሎ ቶሎ ሰርዝ እንጂ!» አሉ ጆይስ። «የልጅቷ መኪና እኮ መንገድ ዘግቷል።»