መቶ ዐሥራ አራት ዓይን

«መቶ ዐሥራ ሁለት፣ መቶ ዐሥራ ሦስት፣ መቶ ዐሥራ አራት።»

ፅናት ጣቷን የመጨረሻዋ ዓይን ላይ አቁማ ተነፈሰች። በኪሮሽ የተቋጠረችዋን እያንዳንዷን ቀለበት «ዓይን» ብላ ያስተማረቻት እናቷ ናት። እንደገና ከዳር ጀምራ ቆጠረች። አሁንም መቶ ዐሥራ አራት። መሆን የነበረበት መቶ ሃያ ነው። ቀጥ ብሎ የመጣው ብርድ ልብስ መጨረሻው ላይ ከሁለቱም ጠርዝ ወደ ውስጥ ገባ ብሏል።

እናቷ ይማርሽ ብርድ ልብሱን የጀመረችው ሆዷ ውስጥ ለነበረችው ልጅ ነበር። ልጅቷ ተወለደች፤ ይማርሽ ግን ከሆስፒታል አልተመለሰችም። አሁን ሕፃኗ አልጋው ላይ ተኝታለች። እሑድ ሰማንያ ቀኗ ስለሚሞላ ክርስትና ትነሣለች። ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ በዚህ ብርድ ልብስ ልትጠቀለል ነው፤ የሚጨርሰው ደግሞ ከፅናት በቀር ማንም የለም።

ፅናት በቀብሩ ላይ አላለቀሰችም። ጎረቤቶች «ይቺ ልጅ ምን ዓይነት አንጀት ነው ያላት?» ሲባባሉ ሰምታቸዋለች። አልተቀየመቻቸውም፤ እሷም ራሷን ታዝባዋለች። ትበላለች፣ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ የሒሳብ ፈተናውንም ደፍናዋለች። ውስጧ ግን ብዙ ሰዓት ተቀምጠውበት እንደ ደነዘዘ እግር ነው፤ ቢቆነጥጡትም አይሰማውም።

አክስቷ እታገኘሁ ከጓዳ ብቅ አለች። የይማርሽ ታናሽ ናት፤ ሕፃኗን ለማሳደግ ከኩልመስክ ከመጣች ወዲህ አልተመለሰችም።

«ምነው ሆዴ፣ እንቢ አለሽ?»

«ስድስት ዓይን ጎደለኝ፣ እትዬ። የመጨረሻዎቹ ሦስት መስመሮች ናቸው። እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ይቀንሳል።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? ትርትር አድርጊውና ከደኅናው ቀጥዪ።»

«እማዬ'ኮ ቆጠራ ተሳስታ አታውቅም።»

«ሰው አይደለችም እንዴ? እስቲ አምጪው።»

እታገኘሁ መርፌውን ነቅላ ክሩን ልትስብ ስትል ፅናት ጣቷን በመጨረሻዋ ዓይን ውስጥ ሰደደች።

«አትንኪው!»

ጩኸቷ ራሷንም አስደነገጣት። ሕፃኗ ነቅታ ማልቀስ ጀመረች።

እናቷ ሁልጊዜ ድምፅ አውጥታ ነበር የምትቆጥረው። ፅናት አጠገቧ ሆና ስታጠና «ኧረ እማዬ፣ አዞርሽኝ!» ትላት ነበር። ሆስፒታል በሄደችበት ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ቆጠራው በመሀል ቀጥ አለ። እጇ ይሠራል፣ አፏ ዝም ብሏል። ፅናት «ተመስገን!» ብላ ደብተሯ ላይ አቀረቀረች። ከዚያ በኋላ የመጣው የወሰዳት ባጃጅ ነው።

ለካ እናቷ እነዚህን ሦስት መስመሮች የሠራችው እያመማት ነበር።

«አይተረተርም፣ እትዬ» አለች ፅናት። ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «በየመስመሩ በሁለቱም ዳር ባለው ዓይን ውስጥ ሁለት ሁለት ጊዜ እሠራለሁ። መቶ ዐሥራ ስድስት፣ መቶ ዐሥራ ስምንት፣ ከዚያ መቶ ሃያ። በሦስት መስመር ይሞላል።»

«ጎድጎድ ያለው ቦታ ግን ሰው ፊት ይታያል'ኮ።»

«ይታይ።»

እታገኘሁ ብርድ ልብሱን ትክ ብላ አየችው። መርፌውን መለሰችላትና ሕፃኗን አንሥታ አቀፈች። ልቅሶው አልበረደም።

ፅናት ጣቷን ካወጣችበት ዓይን መርፌውን አስገባች። «አንድ፣ ሁለት…» አለች፣ እንደ እናቷ ድምፅ አውጥታ። ዐሥራዎቹን ሳትጨርስ ሕፃኗ ጸጥ አለች፤ አንገቷን ወደ ቆጠራው አዙራ ዓይኗን አፈጠጠች።

«ታውቀዋለች» አለች እታገኘሁ በሹክሹክታ። «ሆድ ውስጥ ሆና ስትሰማው ከርማ!»

ፅናት ሃያ ሦስት ላይ ደረሰች። ክሩ ብዥ አለባት። መርፌውን አላስቀመጠችም፤ ቆጠራውንም አላቋረጠችም።

«ሃያ አራት» አለች እያለቀሰች። «ሃያ አምስት።»