የዓርብ ደብተር

«ምን ትላለች? ቲቸር ምን ትላለች?» ሚጡ በአንድ እግሯ እየዘለለች ጠየቀች።

ታላቅ እህቷ ከብየዳ ቤቱ አጥር ተጠግታ፣ ደብተሩን ገልጣ ለሁለተኛ ጊዜ አነበበችው። ዓርብ ዓርብ ሁልጊዜ እዚህች ቦታ ትቆማለች። የተጻፈውን እዚህ ታነባለች፤ ቤት ገብታ እናቷ ፊት የምታነበውን ደግሞ እዚሁ በሆዷ ታሰናዳለች።

‹ስለ ልጅዎ ደጋግሜ ጽፌልዎታለሁ። አሁንም ፊደላትን አትለይም። የምታነብ የሚመስለው ከጓደኞቿ ሰምታ በቃሏ ስለምትወጣው ነው። በዚሁ ከቀጠለች ሁለተኛ ክፍልን ትደግማለች። እርስዎ በየቀኑ አስጠናታለሁ ብለው ስለሚጽፉልኝ ግራ ገብቶኛል። እባክዎ ሰኞ ጠዋት ራስዎ ይምጡ።›

«ጎበዝ ነሽ ትላለች» አለቻት።

ሚጡ መዝለሏን አቆመች። «ቲቸር ግን ታስቃለች አይደል እትዬ? ክፍል ውስጥ ስትቆጣኝ ውላ ደብተር ላይ ታመሰግነኛለች። ሰው ፊት ማመስገን ታፍራለች መሰለኝ።»

ይህን ብላ እየዘለለች ቀደመቻቸው። ቀደመቻቸው መባሉ የታላቅ እህቷ ጓደኛም አብራ ስለነበረች ነው፤ ለማንኛውም ጥፋት መከራከሪያ ስለማታጣ ጠበቃዋ ይሏታል። የሚጡን እህት ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ቀለሜዋ ነው የሚላት። ስምንተኛ ክፍል ነች፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከአንድ እስከ ሦስት ካለው ደረጃ ወጥታ አታውቅም።

ጠበቃዋ በቀለሜዋ ትከሻ ላይ አንገቷን አስግጋ መልእክቱን ጨረሰችው።

«ወይኔ! ተበላሽ በቃ።»

«ዝም በይ፣ ትሰማሻለች።»

«ምን ያስጨንቅሻል? ፀጉር ቤት የምትሠራው የአክስቴ ልጅ የለችም? ሰኞ እረፍቷ ነው። ሻሽ ጠምጠም አድርጋ ‹የልጅቷ አክስት ነኝ፣ እናቷን አሟታል› ትላለች። አለቀ፣ ደቀቀ። ቲቸሯ እንደሆነ እናትሽን አይታት አታውቅም።»

«እናቴን አሟታል አይባልም።»

«እሺ አላመማትም፣ ሥራ በዝቶባታል። ይሄን ሁሉ ገጽ ስትዋሺ ከርመሽ ዛሬ ጻድቅ ልትሆኚብኝ ነው እንዴ?»

ቀለሜዋን ይህች ቃል ጠዘጠዘቻት። ውሸት ስላልሆነች ነው የጠዘጠዘቻት። «እሺ፣ ጠይቂያት» አለች ወደ መሬት እያየች።

የሁለቱ እህትማማቾች እናት ልብስ ሰፊ ነች። ማንበብና መጻፍ አልተማረችም፤ ቁጥር ግን ከሜትሩ ላይ ለቅማ አንድ በአንድ ታውቃለች። የሚጡ መምህርት በዓመቱ መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ደብተር አዘጋጀች። ከገጹ ላይኛው ግማሽ ላይ ልጁ በሳምንቱ የተማረውን እሷ ትጽፋለች፤ በታችኛው ግማሽ ላይ ደግሞ ወላጅ ይመልሳል። እናትየው ደብተሩን ባየች ቀን ለቀለሜዋ ሰጠቻት። «አንቺ አንብቢልኝ፣ የምልሽንም ጻፊልኝ። ከትምህርት ቤት ስትመለሱ ደግሞ አንድ አንድ ሰዓት አስጠኛት። የሷን ወገብና ትከሻ መለካት የኔ ሥራ ነው፣ ጭንቅላቷ ያንቺ» ብላ ስቃ ነበር።

ለአንድ ሳምንት አስጠናቻት። ከዚያ ጠበቃዋ ቤት ተከታታይ ፊልም ተጀመረ። ቀለሜዋ እዚያው ለሚጡ እርሳስና ወረቀት ሰጥታ ጥግ ላይ ታስቀምጣታለች፤ ሚጡም ቤትና ድመት ስትስል ሰዓቱ ያልፋል። በሁለተኛው ዓርብ መምህሯ ‹እባክዎ ቤት ውስጥ ፊደል ያስጠኗት› ብላ ጻፈች። ይህን ማንበብ ራስን ማጋለጥ ነው። ቀለሜዋ ለእናቷ ‹ጥሩ እየሠራች ነው፣ በርቱ› ብላ አነበበችላት፤ ከሥሩም በእናቷ ስም ‹በየቀኑ አስጠናታለሁ› ብላ ጻፈች። በሚቀጥለው ሳምንት ላካክሰው ብላ ነበር። የሚቀጥለው ሳምንት ግን የሚቀጥለው ሳምንት እንደሆነ ቀረ። አንድ ጊዜ እናትየው ገጹ ላይ ሦስትና አሥር አይታ «ይቺ ምንድን ናት?» ስትላት፣ «ከአሥር ልጆች ሦስተኛ ወጣች ማለት ነው» አለቻት። እናትየው በማግስቱ ልብስ ሊያሰፋ ለመጣ ሰው ሁሉ ይህንኑ ስታወራ ዋለች።

ዛሬ ጠበቃዋን ተሰናብተው ቤት ሲገቡ እናታቸው ከንፈሯ መሐል ስፒል ደርድራ የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳለች። ከመጋረጃው ጀርባ ሁለት ባዶ እግሮች ይታያሉ። ሱሪው እስኪያጥርለት የሚጠብቅ ሾፌር ነው።

«መጡልሽ መሰለኝ ጎበዞቹ» አለ ከመጋረጃው ውስጥ። «ልጆቹን መመረቁን ግን ሱሪዬን ከሰጠሽኝ በኋላ አድርጊው፣ እህቴ። በረደኝ።»

«ሦስተኛ የወጣችው እኮ ይቺ ናት ጋሼ!» አለች እናትየው።

«ነገርሽኝ። ባለፈውም ነግረሽኛል።»

ሱሪውን ለብሶ ሲወጣ የሚጡን ጉንጭ ቆነጠጠ። የጭነት መኪናው ከበሩ ፊት ለፊት ቆሟል። ከኋላው በትልቅ ቀይ ጽሑፍ ‹ርቀትዎን ይጠብቁ› ይላል። «እስቲ የኔ ጎበዝ፣ መኪናዬ ላይ ምን ተጻፈ? አንብቢልኝ።»

ቀለሜዋ ደብተሩን ከጀርባዋ ደበቀች። ሚጡ ግን አልፈራችም። ደጃፉ ላይ ቆማ ጣቷን ቀስራ፣ ከላይ ወደ ታች ሳይሆን እንደ ትልቅ ሰው ከግራ ወደ ቀኝ እየወሰደች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች።

«ይህ — መኪና — የጋሼ — ነው!»

«አየኸልኝ!» አለች እናትየው፣ ስፒሎቹ ከከንፈሯ እንዳይወድቁ በጥርሷ ነክሳ።

ሾፌሩ ሊስቅ አፉን ከፈተ። መጀመሪያ ሚጡን፣ ቀጥሎ እናትየውን፣ መጨረሻ ላይ ቀለሜዋን አየ። ሳቁን ዋጠው። «ጎበዝ» አለ ቀስ ብሎ፣ ከዚያም ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ።

ሚጡ ሾፌሩ የሄደበትን አቅጣጫ አየች። ከዚያ ወደ እህቷ ጠጋ ብላ ሹክ አለቻት። «እትዬ፣ ተሳሳትኩ እንዴ?»

«ለምን?»

«ጋሼ እንደ ቲቸር አየኝ።»

ቀለሜዋ ዓይኗን ወደ ደብተሩ መለሰች። ሚጡ ወጥታ ደረጃው ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። እየዘለለች አልወጣችም።

«ነይ እስቲ፣ የዛሬውን ምን አለች?» አለች እናትየው።

«እንደ... እንደ ሁልጊዜው ነው፣ እማ።»

«እሰይ! እንግዲያው ዛሬ መልሱን አሳምረሽ ጻፊልኝ።» ከስፌት መኪናው ሥር ነጭ ጨርቅ ስባ አወጣች። ገና ኪስ ያልገባለት የመምህር ጋዋን ነው። «ለሷ ነው። ቁመቷን ሚጡ ‹ከበሩ እጀታ በላይ እዚህ ድረስ› ብላ አሳይታኛለች፣ እንግዲህ ይብቃት አይብቃት እሱ ያውቃል። ጻፊ፤ ‹ለልጄ ሁለተኛ እናት ለሆንሽው መምህርት›። ጻፍሽ?»

ቀለሜዋ እስክሪብቶዋን ገጹ ግማሽ ላይ አሳረፈች። ከላይ የመምህሯ ጽሑፍ ነው፤ ከታች ባዶ። እዚህ ባዶ ቦታ ላይ የፈለገችውን መጻፍ ትችላለች። ሰኞ የፀጉር ቤቷ ልጅ ሻሿን ጠምጥማ የቀረውን ትናገራለች። የሚመጣው ዓመት ደግሞ ሚጡ ከሷ ካነሱ ልጆች ጋር እዚያው ክፍል ትቀመጣለች፤ ለምን እንደሆነም አይገባትም። በሩ ክፍት ነው። የሚጡ ጀርባ ይታያል።

«ጻፍሽ ወይ?»

«አልጻፍኩም እማ።»

«እስክሪብቶው አለቀ?»

«አላለቀም። እኔ ያነበብኩልሽ... እዚህ ላይ የለም።»

የመኪናው ድምፅ ቆመ። «ምኑ ነው የሌለው?»

«ሦስተኛ አልወጣችም። ከአሥር ሦስት ነው ያገኘችው። ፊደል አታውቅም። ሰኞ ራስሽ እንድትመጪ ትፈልጋለች። አላስጠናኋትም እማ፣ ጠበቃዋ ቤት ነበርኩ።»

እናትየው ብትጮህ ይሻል ነበር። ስፒሎቹን ከከንፈሯ አንድ በአንድ እያወጣች የስፒል ትራሷ ላይ ሰካቻቸው። ስትጨርስ ባዶ እጇ ጉልበቷ ላይ ወደቀ።

«የዛሬው ብቻ ነው?»

«ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ነው።»

እናትየው በበሩ በኩል ሚጡን አየቻት። ከዚያ ወንበሯን ከመኪናው ላይ አዞረች። «ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ» አለች። «አንዲት ቃል ሳትጥዪ።»

ቀለሜዋ ገጾቹን ወደ ኋላ ገለጠች። አነበበች፤ ‹እባክዎ ቤት ውስጥ ፊደል ያስጠኗት› እስከሚለው ድረስ። ልታልፍ ገጹን ስትይዝ እናቷ እጇን አነሳች።

«ቆይ። ከሥሩ ያለውስ? እኔ ምን ብዬ መለስኩላት?»

ከሥሩ ያለው የራሷ የእጅ ጽሑፍ ነው። አንድም ስርዝ ድልዝ የለበትም። ቀለሜዋ ወደ በሩ ዞር ብላ «ሚጡ፣ ነይ ግቢ፣ አንቺም ስሚ» ብላ ተጣራች። ሚጡ መጥታ አጠገቧ እስክትቆም ድረስ ጠበቀች፤ ከዚያ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ማንበብ ጀመረች።